ስለ ቅጂ፤ ከደማም የተጻፈ

ደማምና አልኮባር በሳዑዲ ዓረቢያ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በባሕረ ሰላጤው ዳር የሚገኙ፣ ዛሬ በሕንፃ ብዛት ድንበራቸው የማይለይ ሁለት ከተሞች ናቸው። ከመቶ ዓመት በፊት በስፍራው የነበሩት ዓሣ አጥማጆችና ዕንቍ አውጪዎች የሚኖሩባቸው ትንንሽ መንደሮች ነበሩ። በ1930 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር 1938) በአጠገባቸው በዳህራን፣ ሰባተኛው ጕድጓድ ከ1,400 ሜትር በላይ ተቈፍሮ ዘይቱ በብዛት በፈለቀ ጊዜ ግን የአገሩ መልክ ተለወጠ። ስለ ዘይቱ ብዙ ሰው ጽፏልና እኔ አልደግመውም። የእኔ ነገር ስለ ኮምፒዩተር ነው፤ ከኮምፒዩተርም ነገር ስለ አንዲቱ ብቻ ነው፤ እርስዋም ቅጂ ናት።

ሥራዬ ሰርቨር የሚባሉትን፣ የብዙ ሰው ጽሕፈትና ሒሳብ በሆዳቸው የያዙትን ኮምፒዩተሮች መጠበቅ ነው። መኖሪያዬ በደማም፣ የሥራ ቦታዬም በአልኮባር ስለ ሆነ በየቀኑ በሁለቱ መካከል እመላለሳለሁ። ሰርቨሮቹ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ በብረት መደርደሪያ ተደርድረው ሌሊትና ቀን ያጕረመርማሉ። በሐምሌና በነሐሴ ደጁ ከ40 ዲግሪ በላይ ግሎ የባሕሩ ወበቅ የመነጽሬን መስተዋት ሲያለብሰው፣ የእነርሱ ክፍል ግን ጋቢ ያስደርባል። ከሰኔ 8 እስከ መስከረም 5 ቀን፣ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ድረስ ማንም ሠራተኛ በፀሐይ ላይ እንዳይሠራ የአገሩ ሕግ ይከለክላል፤ ለብረቱ ግን ቅዝቃዜው ዓመቱን ሙሉ አይጓደልበትም። ይህ ሥራ በደኅና በተሠራ ጊዜ ማንም አያየውም። በገዳም ዕቃ ቤቱን የሚጠብቀው አባት ማን እንደ ሆነ የሚጠየቀው አንድ ነገር የጠፋ ዕለት ነው፤ የእኛም ነገር እንዲሁ ነው።

የሌሊት ተረኛ በምሆንበት ጊዜ የሚያጽናናኝ የዚህ አገር ሰዓትና የአገራችን ሰዓት አንድ መሆኑ ነው። እዚህ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን በእናንተም ዘንድ 9 ሰዓት ነውና፣ በየገዳሙ ለሰዓታት የሚነሡትን አስባለሁ። ፀሐይዋ ግን ትቀድማችኋለች፤ በሰኔ ወር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሳይሞላ እዚህ ወጥታ ትገኛለች። ቤተ ክርስቲያን በዚህ አገር የለም፤ ጸሎት በቤት ነው። ከ2005 ዓ.ም. ሰኔ ጀምሮ የሳምንቱ ዕረፍት ዓርብና ቅዳሜ ሆኗል። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ያን ያህል የተሰደዱባትን፣ በኋላም በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ የጸናችውን ቀዳሚት ሰንበት እኔ ያለ አንዳች ክርክር አገኘኋት። እሑድ ማለዳ ግን በሥራ ጠረጴዛዬ ፊት ነኝ።

አሁን ወደ ነገሬ ልመለስ። በሙያችን የታወቀ ደንብ አለ። የሚጠበቅ ነገር ሁሉ ሦስት ቅጂ ይኑረው፤ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ ይቀመጥ፤ አንዱም ከቤት ውጭ ርቆ ይኑር ይላል። ብዙ ሰው የሚሰንፈው በመጨረሻው ነው። ቅርብ ያለው ቅጂ ሲፈልጉት ቶሎ ይገኛል፤ እሳት በተነሣ ጊዜ ግን ከዋናው ጋር አብሮ ይቃጠላል። ደግሞም ተገልብጧል ተብሎ የተቀመጠው በእውነት የሚነበብ መሆኑን በየጊዜው እየከፈቱ ማየት ያስፈልጋል። ይህን እናንተ ከእኔ ይበልጥ ታውቁታላችሁ፤ የጸሓፊው ዐይን ከአንዱ «ወይቤ» ወደ ሌላው «ወይቤ» ዘልሎ አንድ ዐረፍተ ነገር የጠፋበትን ብራና ያላያችሁ አትኖሩም።

ይህ ደንብ ከንቱ ፍርሃት አለመሆኑን የዚህ አገር ሰዎች አይተዋል። ነሐሴ 9 ቀን 2004 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር 15 ኦገስት 2012) እኛ በጾመ ፍልሰታ፣ ሙስሊሞችም በረመዳን መጨረሻ ሳምንት በነበርንበት ቀን፣ ብዙው ሠራተኛ ለበዓሉ ዕረፍት ወጥቶ ሳለ፣ ሻሙን የተባለ አጥፊ ፕሮግራም በዳህራን ወዳለው ወደ ታላቁ የዘይት ኩባንያ ወደ አራምኮ ኮምፒዩተሮች ገባ። የዚህ ፕሮግራም ክፋት ጽሑፉን መሰረዙ ብቻ አይደለም። በተሰረዘው ስፍራ ላይ የሥዕል ቍራጭ እየጻፈ፣ የቀድሞው ተመልሶ እንዳይነበብ አደረገ። ብራናን ፍቆ ሌላ የሚጽፍበት ሰው እንኳ የቀድሞውን ጥላ ይተዋል፤ ይህ ግን ጥላውንም አላስቀረም። ኩባንያው ራሱ እንዳስታወቀው 30,000 ያህል የሠራተኞች ኮምፒዩተሮች ተጐድተው፣ ዋና ዋናዎቹ የውስጥ አገልግሎቶች የተመለሱት ከ10 ቀን በኋላ ነው። ዘይት የሚያወጡትና የሚያጣሩት መሣሪያዎች ግን በተለየ መረብ ላይ ስለ ነበሩ አልተነኩም። እኔ በዚያን ጊዜ በዚህ አገር አልነበርሁም፤ ነገር ግን በሙያው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያን ነሐሴ እስከ ዛሬ ያወሳዋል።

ዓርብ ዓርብ ሌላ ሥራ አለኝ። ኮምፒዩተር ያውቃል መባሉ ስለ ተሰማ፣ በደማምና በአልኮባር በሰው ቤት የሚያገለግሉ እኅቶቻችንና በሹፌርነት የሚሠሩ ወንድሞቻችን ስልካቸውን ይዘው ይመጣሉ። አንዱ ኢሞ አልከፍት ብሎታል፤ አንዲቱ የሐዋላዋን ደረሰኝ አጥፍታለች፤ የሌላው ስልክ በዓረብኛ ተለውጦ መመለሻው ጠፍቶታል። ይህ ሁሉ የደቂቃ ነገር ነው። አንድ ቀን ግን አንዲት የወሎ ልጅ በጨርቅ የጠቀለለችውን ስልክ በፊቴ አኖረች። በሳሙና ውኃ ውስጥ ወድቆ ሦስት ቀን ሰንብቷል።

«ጋሼ፣ የእናቴ ድምፅ አለበት» አለችኝ።

እናትዬዋ ከመሞትዋ ከጥቂት ወራት በፊት፣ የጐረቤት ልጅ ስልክ ይዞላት፣ ለልጅዋ ምርቃት ልካላት ነበር። ልጅቱ ለቀብር መሄድ አልቻለችምና ልቅሶዋን የተወጣችው ያን ድምፅ በመስማት ነው። ስልኩን ከፍቼ ባየሁት ጊዜ ውስጡ በልቶ አልቆ ነበር። ለእኅትሽ ወይም ለሌላ ሰው ልከሽዋል ወይ ብዬ ብጠይቃት፣

«ለማንም አላክሁትም፤ የኔ ብቻ ይሁን ብዬ» አለች።

የምመልሰው አጣሁ። ጥቂት ዝም ብላ ቈይታ፣ ቃሉ ግን አልጠፋኝም አለችና ምርቃቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ትንፋሽ አለችው። አንድ ጊዜ ካስደገምኋት በኋላ በብዕር ጻፍሁት፤ ሁለተኛም ገልብጬ አንዱን ለእርስዋ ሰጠሁ፣ አንዱ በእኔ ዘንድ ነው። ድምፁ ከወረቀት ላይ አይሰማም፤ ይህን እርስዋም ታውቃለች። ድጓውን በቃላችሁ የምትማሩ ወንድሞች ሆይ፣ መምህራችሁ ዜማውን ከምልክቱ ብቻ ሳይሆን ከአፉ እንድትቀበሉት የሚያስገድዳችሁ ስለ ምን እንደ ሆነ እኔ የገባኝ በዚያች ዓርብ ነው።

ከዚህ በታች የምነግራችሁ ወደዚህ አገር ከመጣሁ በኋላ የደረስሁበት ነው፤ ከእናንተም ብዙዎቹን ደስ ያሰኛል ብዬ አምናለሁ። ከደማም በስተሰሜን በቅርብ፣ ከቀጢፍ ከተማ አጠገብ ታሩት የምትባል ደሴት አለች፤ በእርስዋም ላይ ዳሪን የተባለች የቀድሞ ወደብ ትገኛለች። ይህች የባሕር ዳርቻ ሁሉ፣ የዛሬዎቹን ቀጠርንና ባሕሬንን ጨምሮ፣ በሶርያውያን መጻሕፍት ቤት ቀጥራዬ ትባል ነበር። በ676 በአውሮፓ አቈጣጠር የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ ቀዳማዊ ጊዮርጊስ በዚያው በዳሪን ሲኖዶስ አድርጓል። ከጁበይልም አጠገብ ከአሸዋ ሥር የወጣ የጥንት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ይገኛል። በመጻሕፍተ መነኮሳት የምታነቡት ማር ይስሐቅ የቤት ቀጥራዬ ሰው ነው! ይኸው ፓትርያርክ የነነዌ ጳጳስ አድርጎ ሾመው፤ እርሱ ግን ከአምስት ወር በኋላ ሹመቱን ትቶ ወደ በረሓ ሄደ። ከንባብ ብዛት የተነሣ ዐይኑ ስለ ጠፋ፣ ትምህርቱን ደቀ መዛሙርቱ ጻፉለት ተብሎ ይተረካል። ሌላም አለ። እኛ ፊልክስዩስ የምንለው መጽሐፍ፣ ሊቃውንት መርምረው እንደ ደረሱበት፣ መሠረቱ የዚሁ አገር ሰው የዳዲሾ ቀጥራያ ድርሰት ነው። እንግዲህ ከሦስቱ መጻሕፍተ መነኮሳት የሁለቱ ደራስያን ፀሐይና ወበቁን እኔ ዛሬ በማማርርበት በዚህ የባሕር ዳርቻ የተወለዱ ናቸው።

ደራስያኑ በተወለዱበት አገር መጻሕፍቱን በእጁ የያዘ የአገር ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ከሶርያ ቋንቋ ወደ ዓረብኛ፣ ከዓረብኛም ወደ ግእዝ ተገልብጠው፣ የዚህን ባሕር ሽታ ከቶ በማያውቁ መነኮሳት እጅ በደጋ ላይ በብራና ኖሩ፤ ዛሬም በአንድምታ ይተረጐማሉ። አንዱ ርቆ ይኑር ያልሁትን ደንብ ያወጡት ሰዎች ይህን አላሰቡ ይሆናል። አባቶቻችንም በ16ኛው መቶ ዓመት በጦርነቱ ጊዜ መጻሕፍትን ወደ ጣና ደሴቶች ባሻገሩ ጊዜ፣ ደንቡን ያስተማራቸው ኢንጂኔር አልነበረም። በ1973 በአውሮፓ አቈጣጠር የተጀመረውና በሺሕ የሚቈጠሩ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ያነሣው ሥራም ከዚሁ ወገን ነው፤ ከተነሡት ፊልሞች አንዱ ወገን በአሜሪካ በአንድ ገዳም ተቀምጧል።

እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ማር ይስሐቅን በእጄ እገለብጣለሁ። የምገለብጥበት አንድ ወዳጄ በስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ የላከልኝ ነው፤ ነገር ግን ሲያነሣ በመካከሉ ሁለት ቅጠል አንድ ላይ ስለ ገለጠ፣ በሕሊና ጸጥታ ላይ ከሚናገረው ክፍል አንድ ገጽ ፊትና ጀርባው የለም። በገዳማችሁ ዕቃ ቤት መጽሐፉ እንዳለ ዐውቃለሁ። ከእናንተ መካከል አንዱ ከመጋቤው አስፈቅዶ ያን ክፍል በደኅና ብርሃን አንሥቶ በመጽሔቱ አዘጋጆች በኩል ቢልክልኝ እጅግ አመሰግናለሁ፤ ከላከም በኋላ የራሱን አያጥፋው።