ከቀብዱ በፊት ግድግዳውን እንይ

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ቤት ሥራ ነው። ለተማሪ የምሰጠውን ማለቴ አይደለም፤ ጭቃና ቆርቆሮ ያለበትን ነው።

ካኩማ እ.ኤ.አ. በ1992 ከተቆረቆረች ሠላሳ ዓመት አልፏታል። «ለጊዜው» ብለን በገባንበት ጠባብ ቤት ወልደናል፣ አሳድገናል፣ ዘመድ ተቀብለናል። ስለዚህ ብዙዎቻችን ግድግዳ እንጠግናለን፣ ቆርቆሮ እንቀይራለን፣ ጓሮ ያለን ደግሞ አገር ቤት ሰርቪስ የምንለውን ዓይነት አንዲት ክፍል እንጨምራለን። ይህን ጊዜ ታዲያ ፉንዲ ፍለጋ ይጀመራል።

እኔም በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ፍለጋ ወጣሁ። አማቴ እርጅናም ሕመምም ተጫጭኗቸው ከእኛ ጋር ሊኖሩ መጥተው ስለነበር፣ ለእሳቸውና ለትልቋ ልጄ ማደሪያ ከጓሮ አንዲት ክፍል ለመሥራት አሰብን። ገንዘቡ ባለቤቴ እንጀራ እየሸጠች ለሁለት ዓመት ያጠራቀመችው ነው። ቡና እየጠጣን ስናወራ አንድ ያገር ልጅ «እኔ እያለሁ ምን አሳሰበህ? በአሥር ቀን ጨርሼ ቁልፉን እሰጥሃለሁ» አለኝ። ያገሬ ልጅ ነው፣ በቋንቋዬ ያወራል፣ ከማላውቀው ሰው እሱ ይሻላል አልኩ። የሠራኸውን ቤት አሳየኝ ማለት ነውር መሰለኝ። ከ8,000 ሽልንግ የእጅ ዋጋ ውስጥ 5,000ውን ቀብድ ቆጥሬ ሰጠሁት። ወረቀት የለ፣ ምስክር የለ።

አሥሩ ቀን ወር ሆነ። አንድ ቀን ይመጣል፣ ሦስት ቀን ይጠፋል። በመጨረሻ ክፍሏ ቆመች፤ እኛም ተመስገን ብለን አማቴንና ልጄን አስገባን።

ሚያዝያ ላይ ዝናቡ መጣ። የካኩማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ይጠፋ ይጠፋና የመጣ ለታ ላጋውን ሞልቶ ነው የሚመጣው። አንድ ሌሊት አማቴ ልጄን ቀስቅሰው «ተነሽ፣ ግድግዳው አፈር እያራገፈ ነው» አሏትና ሁለቱም በዝናብ እየበሰበሱ እኛ ዘንድ ገቡ። እሳቸው ጭቃ ቤት ተወልደው ጭቃ ቤት ያረጁ ስለሆኑ ድምፁን ያውቁታል። ሳይነጋ በአልጋው ራስጌ በኩል ያለው ግድግዳ ወደ ውስጥ ተደረመሰ። ጠዋት ጡቡን ከአልጋው ላይ ሳነሳ የልጄ ደብተሮች ከሥር ወጡ።

ሽማግሌ ሰበሰብን። ሰውዬው «ዝናቡን እኔ አላመጣሁት» አለ። ሽማግሌዎቹም ምን ያድርጉ? የሚይዙት ወረቀት አልነበረም። 1,000 ሽልንግ መልሶልኝ በዚያው ተቋጨ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይኸው ነው። እኔ መምህር ነኝ፤ የተማሪን ደብተር ሳላይ ማርክ ሰጥቼ አላውቅም። ለዚህ ሰው ግን ሥራውን ሳላይ የባለቤቴን ላብ ሰጠሁት።

ሁለተኛውን ፉንዲ ያገኘሁት ሰው ሳይሆን ግድግዳ እያየሁ ነው። ከዝናቡ በኋላ በየብሎኩ ዞርኩ፤ ያልተሰነጠቀ ቤት ሳይ በር እያንኳኳሁ «ማን ሠራው?» እላለሁ። ሦስት ሰዎች አንድ ኮንጎአዊ ግንበኛ ጠሩልኝ። ለባለቤቶቹ ሦስት ጥያቄ ነበረኝ፤ ባለው ቀን ጨረሰ ወይ? መሐል ላይ ጭማሪ ጠየቀ ወይ? ከጨረሰ በኋላ ችግር ሲመጣ ጠርታችሁት መጣ ወይ? ይህን የምጠይቀው ፉንዲው በሌለበት ነው፤ ፊቱ ሲሆንማ ማን ይደፍራል?

ግንበኛውን በተሰባበረ ስዋሂሊዬ፣ የቀረውን ልጄ እያስተረጎመችልኝ፣ «የተበላሸብህ ሥራ አለ?» አልኩት። አልተቆጣም። «ና ምዋሊሙ» ብሎ ወስዶ አንድ የተሰነጠቀ ቤት አሳየኝ። መሠረቱ ያረፈው የድሮ ቆሻሻ ጉድጓድ ላይ ኖሯል፤ ያንን ሳይመረምር መገንባቱን ነገረኝ፤ ማዕዘኑንም በነፃ መልሶ ሠርቶላቸዋል። እዚያው ወሰንኩ። ጥፋቱን ራሱ የሚያሳይ ሰው ጥፋት አይደብቅም።

የፈረሰውን ክፍል አይቶ ምክንያቱን አንድ በአንድ ነገረኝ። ጡቡ በደንብ ሳይደርቅ ተገንብቷል። ከሥር ድንጋይ ስለሌለው ውሃው ከመሬት እየጠጣ ወጥቷል። ጡቡ መገጣጠሚያው በመገጣጠሚያ ላይ ስለተደረደረ ግድግዳው እርስ በርሱ አልተያያዘም። የቆርቆሮው ጠርዝ አጭር ስለሆነም ክፈፉ ላይ የሚወርደው ውሃ ግድግዳውን ሲያጥብ ከርሟል። ይህን ሁሉ እኮ እኔም ቀና ብዬ ባየው ኖሮ አየው ነበር።

እናንተም ፉንዲ ስትይዙ እነዚህን አስታውሱ። የደረቀ ጡብ ከወገብ ከፍታ መሬት ላይ ልቀቁት፤ ከተፈረካከሰ አትቀበሉት። ግድግዳው ሲያድግ ቱንቢ ይጣልበት። ቆርቆሮውን ራሳችሁ ግዙ፤ የጌጁ ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳልና «32 ከ30 ይበልጣል» የሚላችሁን አትስሙ። የቆርቆሮ ምስማር የሚመታው ጉብታው ላይ ነው፤ ውሃ መሄጃው ላይ ከተመታ ያፈሳል። ምስጥ እንዳይበላውም መሬት የሚገባው እንጨት አስቀድሞ የተቃጠለ ዘይት ይቀባ።

ውሉን በሁለት ወረቀት ጻፉ፤ አንዱ ከእናንተ፣ አንዱ ከፉንዲው ዘንድ ይሁን፤ የብሎክ መሪው ወይም ጎረቤት በምስክርነት ይፈርም። የክፍሉ ስፋት በሜትር፣ የድንጋዩ ከፍታ፣ የሚያልቅበት ቀን፣ ጡብ የሚመታበትን ውሃ ማን እንደሚቀዳ ሳይቀር ይጻፍ። በጀሪካን ተሰልፎ ውሃ መቅዳት እዚህ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ታውቃላችሁ፤ ጠቡ ከዚያ ነው የሚጀምረው።

ክፍያውን ለአራት ክፈሉት፤ መሠረት ሲያልቅ፣ ግድግዳ ሲቆም፣ ቆርቆሮ ሲመታ፣ ልስኑ ደርቆ በር ሲገጠም። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ምሳና ለረዳቱ የሚሆን ትንሽ ቀብድ መስጠት ግን ተገቢ ነው፤ ፉንዲውም እንደኛው ልጆች አሉት። በየደረጃው የሠራበትንም በዕለቱ ስጡት፤ እኛም ነገ ዛሬ እያልን ሰው አንበድል።

ያገር ልጅ አትቅጠሩ ማለቴ አይደለም። ከመካከላችን እጃቸው የተባረከ ግንበኞችና አናጢዎች አሉ። እነሱም «ሥራህን አሳየኝ» ሲባሉ ደስ ይላቸዋል እንጂ አይቀየሙም። መጠየቅ ስድብ አይደለም።

አዲሷ ክፍል ከቆመች በኋላ አማቴ ሰማይ በጠቆረ ቁጥር ሌሊት እየተነሱ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ ያሳርፉ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ ያ ዝናብ ተመልሶ ሲመጣ ግን ልጄ ጠዋት መጥታ «አያቴ ዛሬ አልተነሱም፤ እስኪነጋ ተኙ» አለችኝ።

ቸር ይግጠመን።