ሳጥኗ

አባቴ ቮልሷን የገዙት በ1964 ዓ.ም. ነው። እኔ ከመወለዴ በፊት ከቤታችን የገባች በመሆኗ፣ ልጅ ሳለሁ ታላቅ እኅቴ ትመስለኝ ነበር። ዓይናቸው ደክሞ መሪ ከተዉ በኋላ ቁልፏ ከእኔ እጅ ገባ። በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር ቢሾፍቱ ላይ የአሮጌ መኪኖች ትርኢት እንዳለ ስሰማ፣ «ይህቺን አሮጊት ሙሽራ አደርጋታለሁ» ብዬ ተነሣሁ።

የሁለት ወር ደመወዜን አፈሰስኩባት። ባትላሜራው የጎበጠ አካሏን አቃና፤ ቀለም ቀቢው ወተት አስመሰላት። የፊት ኮፈኗ ተከፍቶ እንደሚታይ ስለማውቅ፣ «ከውስጡ የቆሸሸ ሁሉ ይውጣ» አልኩ። ከወጣው መካከል አባቴ ለዓመታት ከመለዋወጫ ጎማው ጎን የሸጎጧት፣ ቅባት የጠጣች የእንጨት ሳጥን ነበረች። ከፍቼ እንኳ ሳላያት ለቆራሌው ሰጠኋት።

በትርኢቱ ቀን አባቴን ከጎኔ አስቀምጬ በአሮጌው መንገድ፣ በቃሊቲና በአቃቂ በኩል ወረድን። ዱከም ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ቀይ መብራት በራ። እኔ ገና ሳላስተውለው፣ «አቁም! ቺንጋው ተበጥሷል» አሉ። ዓይናቸው መብራቱን አላየም፤ ጆሯቸው ግን ከኋላ የሚሰማው የማራገቢያ ድምፅ ሲጠፋ ሰምቷል።

ቮልስ ራዲያተር የላትም። ሞተሯን በአየር የሚያቀዘቅዘውን ማራገቢያና ባትሪዋን የሚሞላውን ዲናሞ የሚያዞራቸው ያው አንድ ቺንጋ ነው። እርሱ ተበጥሶ ጉዞ የቀጠለ ሰው ሞተሩን በገዛ እጁ ያቃጥላል።

አባቴ በእርጋታ፣ «ሳጥኗን አምጣት፤ አዲስ ቺንጋ በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጫለሁ» አሉኝ።

አፌ ደረቀ። «የለችም፣ አባባ።»

«ወዴት ሄደች?»

«ቆሻሻ መስላኝ... ለቆራሌው ሰጠኋት።»

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ በወደድኩ። ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለስ አድርገው፣ «የቤንዚን ሽቦም ነበረባት» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

በሚኒባስ ዱከም ገብቼ ሦስት የመለዋወጫ ሱቆች ጠየቅሁ። አንዱ ባለሱቅ ሳቀብኝ። አልፈረድኩበትም፤ የእርሷ ዓይነት የመጨረሻዋ መኪና ሜክሲኮ ውስጥ የተሠራችው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ነው። በመጨረሻ ከአንድ ጋራዥ ያገለገለ ቺንጋ ገዛሁ፤ መፍቻም መታወቂያዬን በመያዣነት ትቼ ተዋስኩ። ስመለስ አባቴ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ የሞተሩን ክዳን ከፍተው ቆመዋል። እኔ ፈታሁ፤ እርሳቸው በጣታቸው እየዳሰሱ መሩኝ። ቺንጋውን በአውራ ጣታቸው ተጭነው፣ «አንድ ጣት ያህል ይርገብ፤ ከዚያ በላይ ከጠበቀ ዲናሞውን ይበላዋል» አሉ። እርሳቸው ሲዳስሱ፣ በገንዘቤ ያስቀባሁት ነጭ ቀለም ላይ አምስት የቅባት ጣቶች ታተሙ። ልጠርገው እጄን ዘረጋሁና ተውኩት።

ዱከም ላይ መፍቻውን መልሰን ጥቂት እንደሄድን የቤንዚኑ መርገጫ ከእግሬ ሥር ወደቀ። ሽቦው ተበጥሷል! በዚህ ጊዜ እንኳ አባቴ አልተናገሩኝም። ከኪሳቸው ሰንጢ አወጡ፤ ካርቡራቶሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን ፈልገው አጠበቋት። ሞተሩ መርገጫ ሳይነካ መጮኽ ጀመረ። በፍሪሲዮንና በማርሽ ብቻ፣ ጋሪ እየቀደመን ቢሾፍቱ ገባን።

ስንደርስ ድንኳኑ እየተነቀለ ነበር። ተመልካቹ ተበትኗል፤ ጥቂት ባለመኪኖች ብቻ ቀርተዋል። ከእነርሱ አንዱ፣ እንደ መስተዋት የምታበራ ሰማያዊ ቮልስ ያለው ሰው፣ ችግራችንን ሰምቶ ኮፈኑን ከፈተ። ከመለዋወጫ ጎማው ጎን፣ ተመልካች ሁሉ ሲያየው በዋለበት ስፍራ፣ ቅባት የጠጣ ሳጥን ተቀምጧል። ሽቦ አውጥቶ ሰጠን፤ ገንዘብም አልቀበልም አለ። አባቴ ሳጥኑን በእጃቸው ዳሰሱና፣ «የሰው መኪና እንዲህ ነው» አሉት። ለእርሱ ቢናገሩም የሰማሁት እኔ ነኝ።

በሳምንቱ የእንጨት ሳጥን አሠርቼ መጣሁ። አባቴ በረንዳ ላይ ተቀምጠው፣ ከየቦታው የለቃቀምኳቸውን ዕቃዎች አንድ በአንድ እየዳሰሱ ስማቸውን ነገሩኝ፤ ቺንጋ፣ ሽቦ፣ ካንዴላ፣ ፒንሳ። እኔም ስሙን እየደገምኩ በጨርቅ ጠቀለልኳቸው።

የጣቶቻቸው አሻራ እስከ ዛሬ ከክዳኑ ላይ አለ። ላቫጆ በወሰድኳት ቁጥር፣ «እዚህ ጋ አትንካ» እላለሁ።