የሒሳብ ነጥብ የሚሻሻለው ከየት ተነሥቶ ነው?

የንግድ አስተዳደርን በሁለተኛ ዲግሪ ለመማር የሚያመለክትን ሰው ብዙ የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ጂማት የተባለውን ፈተና፣ የአገር ውስጦቹ ደግሞ ትምህርት ሚኒስቴር የሚያዘጋጀውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ይጠይቁታል። በሁለቱም ውስጥ የቁጥር ምዘና፣ ማለትም በመጠኖች መካከል ያለውን ዝምድና አመዛዝኖ የመፍረድ ችሎታ የሚለካበት ክፍል ይገኛል። በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ባንኮች፣ ኅብረት ሥራ ዩኒየኖችና ፋብሪካዎች ውስጥ የሚሠሩ የአካውንቲንግና የማኔጅመንት ምሩቃን ለዚህ ክፍል ሲዘጋጁ አስቀድመው ከባድ መጻሕፍትን መፈለግ ይቀናቸዋል፤ ይሁን እንጂ ነጥብን ዝቅ የሚያደርገው በአብዛኛው የከፍተኛ ሒሳብ እጥረት ሳይሆን የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል መሠረት መላላት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ጂማት ይህንኑ ያሳያል። የቁጥር ክፍሉ በ45 ደቂቃ የሚሠሩ 21 ጥያቄዎች ያሉት፣ ካልኩሌተር የማይፈቀድበትና ከ60 እስከ 90 የሚመዘን ሲሆን፣ ጂኦሜትሪ ወጥቶለት በስሌትና በአልጀብራ ብቻ የተወሰነ ነው። የጥያቄዎቹ ክብደት ከተፈታኙ የቀደሙ መልሶች ጋር እየተስተካከለ ስለሚሄድና ለአንዱ ጥያቄ የሚደርሰው ጊዜ ከሁለት ደቂቃ ጥቂት ብቻ ስለሚበልጥ፣ የሚፈተነው ቀመር የማስታወስ ኃይል ሳይሆን አጭሩን መንገድ ቶሎ የመምረጥ ብቃት ነው።

ለዚህ የሚሆን ማስተዋል በምዕራብ ጎጃም ገጠር እንግዳ አይደለም። ባለመሬቱ ሲሶውን፣ አራሹ ሁለት እጁን ሊወስዱ ተስማምተው 24 ኩንታል በቆሎ ቢያገኙ፣ ለአንዱ 8፣ ለሌላው 16 ኩንታል እንደሚደርስ ፊደል ያልቆጠረ ገበሬም አይስተውም። ፈተናው ግን የአራሹ ድርሻ ከባለመሬቱ በስንት በመቶ እንደሚበልጥ ይጠይቅና መልሱ 100 በመቶ ይሆናል፤ የባለመሬቱ ድርሻ ከአራሹ በስንት በመቶ እንደሚያንስ ሲጠየቅ ደግሞ መልሱ 50 በመቶ ነው። ልዩነቱ ያው 8 ኩንታል ሆኖ ሳለ መቶኛው የሚለወጠው መነሻው፣ ማለትም ልዩነቱ የሚካፈልበት መጠን ስለተቀየረ ነው፤ ዋጋ በ20 በመቶ ጨምሮ በ20 በመቶ ሲቀንስ ወደ ነበረበት የማይመለሰውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ስሕተት እንዲህ ከስሌት ሳይሆን ከመነሻው መምታታት ሊመነጭ ስለሚችል፣ ውጤት የሚያሻሽለው የተሠሩ ጥያቄዎች ብዛት ሳይሆን የስሕተት ምደባ ነው። ተፈታኙ የሳተውን እያንዳንዱን ጥያቄ ከሦስት ምድቦች በአንዱ ቢመዘግብ፣ ሐሳቡን ባለማወቅ የተሳተው ወደ መማሪያ መጽሐፉ ይመልሰዋል፤ «ቢያንስ 10» እና «ከ10 በላይ» የመሳሰሉትን በእንግሊዝኛ ሲያነብ በማምታታት የተሳተው የጥያቄ አነባበቡን እንዲያጠራ ያደርገዋል፤ በጊዜ ማጣት የተሳተው ደግሞ የማያዋጣን ጥያቄ ገምቶ ማለፍን ያስተምረዋል። ገምቶ የማለፉ ልማድ ሁሉንም እስከ መጨረሻው አስልቶ መጻፍ ለለመደ ተማሪ አስቸጋሪ ቢሆንም፣ ያልተመለሱ ጥያቄዎች ውጤትን ስለሚጎዱ ሊታለፍ አይገባም።

ከ2015 ዓ.ም. መገባደጃ ጀምሮ ግጭት ትምህርትንና ኢንተርኔትን ባቋረጠበት በምዕራብ ጎጃም፣ የመሠረት ክፍተት የስንፍና ምልክት ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ክፍልፋይን፣ ንጥጥርንና መቶኛን ከወረቀት መጽሐፍ እንደገና መማር ኔትወርክም ሆነ ውድ ኮርስ አይሻም፤ የሚሻው የዕለት ተዕለት ጥቂት ጊዜና የታችኛውን ክፍል መጽሐፍ ለመክፈት አለማፈርን ነው። የጂማት ደንብ ከ16 ቀን በኋላ ደግሞ መፈተንን ቢፈቅድም፣ የስሕተቱን ዓይነት ሳይለይ የሚመለስ ተፈታኝ ያንኑ ድክመት በሌላ ክፍያ ዳግም ከማስለካት ያለፈ ነገር አያተርፍም።