የሙሽራይቱ ቀሚስና ቁመናዋ

በጁባ ከተማ፥ ጉዴሌ በተባለው ሰፈር ለምትኖር አንዲት ወዳጃችን የሠርግዋ ቀን ተቈረጠ። አዲስ አበባ ያሉት እናትዋ ከእንጦጦ ግርጌ፥ በሽሮ ሜዳ፥ የሀበሻ ቀሚስ አሠርተው ላኩላት። ሥራው እጅግ ያማረ ነበር፤ ነገር ግን የተሰፋው እናት በሚያስታውሷት ልጅ ልክ ነው። ልጅቱ ከአገር ከወጣች ስድስት ዓመት ኾኗታል፤ ያን ጊዜ ቀጭን ነበረች፥ ዛሬ ደረቷና ዳሌዋ ሞልቷል። ለብሳ ብትሞክረው ጐኑ አልገጥም አለ። «ሰውነቴ ተበላሸ» ብላ አለቀሰች።

የተበላሸው ልኩ ነው አልናት፤ በሜትር ለክተን አለመላካችን የእኛም ጥፋት ነበር። የጐኑን ስፌት ተርትረን ከነጠላው ጫፍ ጨርቅ ጨመርንበት። ወገቧን አግድም የዞረው ሰፊ ጥለት አጭር ቁመቷን ለሁለት ይከፍለው ስለ ነበር፥ ፈትተን ከደረቷ እስከ እግሯ በቁም አወረድነው። ዐይን ጥለቱን ተከትሎ ይወርዳልና ረዝማ ታየች። መቀነቱንም ከወገቧ ጥቂት ከፍ አድርገን አሰርነው። ለረዥምና ለቀጭን ሙሽራ ግን አግድም ጥለት ይስማማታል። በወርቅ ክር የተጠለፈው የከፈይ ካባ ትከሻን ያገዝፋል፥ በጁባ ሙቀትም አይቻልም፤ ስለዚህ ለፎቶግራፍ ብቻ እንድትደርበው መከርናት። በዚህ አማቶቿ ቅር ተሰኙ።

ለእናትዋ ይነገር አይነገር ብለን ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ ሙሽራይቱ ራስዋ ስልክ ደውላ ሁሉንም ነገረቻቸው።

እናት ጥቂት ዝም አሉና፥ «ወፈርሽልኝ? ተመስገን!» አሉ።