መጀመሪያው አልፏላ!

የሒሳብ ምሁሩ ሪቻርድ ጋርፊልድ ፈልስፎት በ1993 እ.ኤ.አ. ለገበያ የበቃው «ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ» የተባለው የካርድ ጨዋታ ሁለት ጓደኞቻችንን አኳርፏል። ሰበቡ «ስኒክ አታክ» የምትባል ካርድ ነች። ፍጡርን ከእጅ አውጥታ ወዲያው ታዋጋለች፤ የሚቀጥለው የማብቂያ ምዕራፍ ሲጀምር ግን ፍጡሩ ይሠዋል።

ታዲያ ተጋጣሚ በእኛ ተራ፣ የማብቂያው ምዕራፍ ከገባ በኋላ ቢያወጣውስ? መጀመሪያው አልፏላ! ፍጡሩ የሚሠዋው በተከታዩ ተራ ማብቂያ ነው፤ እስከዚያ በጌታው ተራ ያጠቃናል። አንደኛው ወገን ይህን «ማጭበርበር» ይለዋል። እኛ አንለውም፤ ሕጉ የሚጠብቀው የምዕራፉን መጀመሪያ እንጂ ምዕራፉን አይደለም። መሸነፉ ያናድዳል፣ እሱስ እውነት ነው።

ነገ መምህራን ሆነን ተማሪ «ለምን?» ቢለን «ዝም በል» ልንለው ነው እንዴ? ቅዳሜ ከእራት በኋላ ሕጉን በሰሌዳ እናስረዳለን። የተኳረፋችሁት፣ ሁለታችሁም ኑ።