የልብ ጽሑፍና የጎመን ጭልፋ

ጊንሃይም ካለው ሐኪሜ ዘንድ ኤካጌ ተነሥቼ ስወጣ በእጄ የነበረው ትንንሽ ካሬ የበዛበት ወረቀት ነው። ሐኪሙ «ፎርሆፍፍሊመርን» አለኝ፤ እኔም እንደ ልማዴ «ያ፣ ያ» ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ወደ ልብ ሐኪም የጻፈልኝ ማዘዣ ኮት ኪሴ ውስጥ ሦስት ሳምንት ከረመ።

አንድ እሑድ ቡና ላይ ወረቀቱን ለጎረቤቴ ለእትዬ አሳየኋቸው። አዲስ አበባ ሳሉ ረጅም ዘመን በነርስነት ሠርተዋል። «ምነው ልጄ፣ ልብህ እንዲህ ተኝታ ነው እንዴ የምትመታው?» ብለው ደነገጡ። ኋላ ግን ከወረቀቱ ጠርዝ 50 የሚል ቁጥር አይተው ሳቁ። እሳቸው የለመዱት ወረቀት በሴኮንድ 25 ሚሊሜትር ይሄዳል፤ እዚህ ጀርመን ብዙ ጊዜ 50 ነው፤ ያው ልብ በእጥፍ ተዘርግታ ትታያለች። ከልብ የላይኛው ክፍል ወደ ታችኛው የሚወርደው የኤሌክትሪክ መልእክት ከ0.2 ሴኮንድ በላይ ከፈጀ መተላለፊያው ዘግይቷል ይባላል። ይህ ልክ በዚያኛው ወረቀት አንድ ትልቅ ካሬ፣ በዚህኛው ሁለት ነው። ፍጥነቱን ሳያይ የሚያነብ ሰው ጤነኛውን ያሳምማል።

ሳቁ አልቆየም። በብጣሽ ወረቀት ላይ ምልክት እያደረጉ በረጃጅሞቹ ሹሎች መካከል ያለውን ርቀት ለኩ፤ አንዱም ከሌላው አልገጠመም። ከየሹሉ በፊት መኖር የነበረባት ትንሽ ጉብታ ደግሞ የለችም፤ በቦታዋ መስመሩ ይንቀጠቀጣል።

«ሐኪሙ ያለህ ይኸንን ነው። የልብህ የላይኛው ክፍል በወጉ መምታቱን ትቶ ይርገበገባል። እዚያ የረጋ ደም ወደ አንጎል ከሄደ ሽባ ያደርጋል» አሉኝ። ቀጥለውም በልጅነቴ ጉሮሮዬን ታምሜ መገጣጠሚያዬ አብጦ እንደሆነ ጠየቁኝ። አብጦ ነበር፤ ደሴ፣ በዘጠኝ ዓመቴ። እናቴ ብርድ ነው ብላ በቅቤ አሸችኝ።

ሰኞ ማዘዣውን ይዤ ሮጥሁ። በአልትራሳውንድ ሲታይ ሚትራል የሚባለው የልብ በር ጠቧል፤ የዚያ የልጅነት ሕመም ጠባሳ ነው። ማርኩማር የተባለ የደም ማቅጠኛ ክኒን ታዘዘልኝ። አዲሶቹ ክኒኖች እንዲህ ለጠበበ በር አይመከሩም፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ትልቅ ጥናትም በዚህ ሕመም የድሮው ዓይነት መድኃኒት እንደሚሻል አሳይቷል።

ችግሩ ጎመን ነው። በውስጡ ያለው ቫይታሚን ኬ ክኒኑን ያደክመዋል። አይከለከልም፤ ልኩ ግን ከሳምንት ሳምንት እኩል መሆን አለበት። ስለዚህ ዐቢይ ጾም ሲቃረብ ሐኪሜ ዘንድ ሄጄ ጎመን ሊበዛ ነውና ደሜ ቶሎ ቶሎ ይለካልኝ እላለሁ። አሁን «ያ፣ ያ» የሚለው እሱ ነው።