የተዋሱትን ባለታሪክ በደኅና መመለስ

ጎረቤት ከጎረቤት ወንፊት ይዋሳል፤ ሙቀጫ ይዋሳል፤ ሲቸግረውም እሳት ይጭራል። የተዋሱት ዕቃ ሳይሰበር መመለስ እንዳለበት ማንም ለማንም አይነግርም፤ ከእናት ጓዳ የሚወጣ ዕውቀት ነውና። በሥነ ጽሑፍ ዓለም ደግሞ እንደ ወንፊቱና እንደ ሙቀጫው ባለታሪክ የሚዋዋሱ ደራስያን አሉ። የእነርሱ ደንብ በሁለት አገር ድንበር ላይ ለሚኖር ሰው የሚለው ነገር ስላለው፣ ጥቂት ቢነገርለት አይከፋም።

በ1978 (ዘመኑ እዚህም ሆነ ከዚህ በታች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) አሜሪካዊው ደራሲ ሮበርት አስፕሪን ከሊን አቢና ከጎርደን ዲክሰን ጋር ማዕድ ላይ ሲጫወት አንድ ቅሬታ አነሣ። ምናባዊ ታሪክ ለመጻፍ የተነሣ ደራሲ ሁሉ ከተማውን፣ ንጉሡን፣ አማልክቱን ሳይቀር ከባዶ መፍጠር ይኖርበታል፤ ስለምን አንድ ዓለም ተፈጥሮ ብዙዎች አይጽፉበትም? ከዚህ ጨዋታ በ1979 «የሌቦች ዓለም» የተሰኘው የአጫጭር ልቦለዶች መድበል ተወለደ። ፖል አንደርሰን፣ ጆን ብራነር፣ ማሪዮን ዚመር ብራድሊና ሌሎችም በየፊናቸው የጻፏቸው ታሪኮች የሚፈጸሙት በአንዲት ከተማ ነው። እስከ 1989 ድረስ ተከታታዩ 12 መጻሕፍት ደርሷል።

ከተማይቱ ሳንክቹዋሪ ትባላለች፤ «መጠጊያ» እንደ ማለት ነው። የአንድ ታላቅ ግዛት ጅራት፣ ማዕከሉ የናቃት የዳር አገር ናት። የነባሮቹ አማልክትና የገዢዎቹ አማልክት ይፎካከሩባታል፤ ነጋዴው፣ ወታደሩ፣ ሌባውና አስማተኛው በአንድ ገበያ ይተላለፉባታል። በኋለኞቹ መጻሕፍት ደግሞ ከገዛ አገራቸው የተሰደዱ ሰዎች ባሕር ተሻግረው ይገቡባታል። ደራስያኑ ይህችን ከተማ ሲፈጥሩ ስለ መተማም ሆነ ስለ ገላባት አላሰቡም፤ ቢሆንም የቁረይሻ ሰው ቢያነባት መንገዱ አይጠፋውም።

መድበሉን ያቆመው ግን የከተማይቱ ካርታ ብቻ አልነበረም። ማንኛውም ደራሲ የሌላውን ባለታሪክ ተውሶ በራሱ ታሪክ ውስጥ ሊያስገባው ይችላል፤ ሊገድለው ወይም ጠባዩን ከሥሩ ሊለውጠው ግን አይፈቀድለትም። በዚህም ምክንያት በአንዱ ታሪክ ውስጥ እግረ መንገዱን ብቅ ብሎ የሚያልፈው ሰው በሌላው ታሪክ ስም፣ ቤትና ሐዘን ያለው ዋና ሰው ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ነገሩ ለዚህ አካባቢ ሰው ጨርሶ እንግዳ አይደለም። የጎንደሩ ሊቅ አለቃ ገብረ ሐና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖሩ ሰው ናቸው፤ በስማቸው የሚነገረው ቀልድ ግን ከእርሳቸው በኋላም መወለዱን አላቆመም። ጎጃሜው ይጨምርበታል፤ ሸዌው ይጨምርበታል፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ማዘንጊያም ከጨዋታ ወደ ጨዋታ ይዘዋወራሉ። ጨማሪዎቹ ተገናኝተው አልተማከሩም፤ ሆኖም አለቃ እስከ መጨረሻው ነገር አዋቂ ሆነው መቅረት እንዳለባቸው ሁሉም ያውቃል። በሱዳን በኩልም ሐቦባ የምትባለው አያት ማታ ማታ የምትነግረው ተረት ለነጋሪውም ለሰሚውም ደግ በመመኘት ይከፈታል፤ ውቢቱ ፋጥናና ጉል የሚባለው ጭራቅ ከአንዷ ሐቦባ ወደ ሌላዋ ይተላለፋሉ። ሊቁ ዐብዱላህ አጥ-ጠይብ ከእነዚህ ተረቶች በርካታዎቹን በመጽሐፍ ሰብስበዋል። በቁረይሻና በዙሪያዋ የሚያድግ ሕፃን በአንድ ጆሮው አለቃን፣ በሌላው ፋጥናን ሊሰማ ይችላል።

ዳሩ ግን ይህ የጋራ የትረካ ዓለም ድንበሩ ላይ ሲደርስ ደንቡን ይረሳል። በ1888 ጎንደር መቃጠሏ፣ በ1889ም ዐፄ ዮሐንስ በመተማ መውደቃቸው «ደርቡሽ» የሚለውን ቃል በአማርኛ ትረካ ውስጥ ፊት የሌለው አስፈሪ አድርጎት ቀርቷል። በወዲያ በኩልም ከድንበር ማዶ የሚመጣው ሽፍታ በወሬው ሁሉ ጠመንጃ እንጂ ስም የለውም። የጎረቤት ሰው ወደ ታሪኩ የሚገባው ሊዘርፍ ወይም ሊሞት ነው፤ እናት የለችውም፤ የዘራው ማሽላ፣ ያጨደው ሰሊጥ የለውም። የአልፋሽጋ መሬት ክርክር በ2020 መጨረሻ ወደ ግጭት በተለወጠ ጊዜ ይኸው ፊት የሌለው ሰው ከሁለቱም ወገን ወሬ ውስጥ ተመልሶ ብቅ አለ።

ይህን ልማድ የሰበረ ሥራ የወጣው ከዚሁ ከምሥራቅ ሱዳን ነው። የከሰላው ተወላጅ ዐብደልዐዚዝ በረካ ሳኪን «አል-ጃንጎ» በተሰኘው ልቦለዱ የእርሻ ወቅት እየጠበቁ የሚሠሩትን የጉልበት ሠራተኞች፣ በድንበር መንደር የሚኖሩትንም ኢትዮጵያውያን ሴቶች ባለስም አድርጎ አቆማቸው። ልቦለዱ በ2009 የጠይብ ሷሊሕን ሽልማት አገኘ፤ ብዙም ሳይቆይ በሱዳን ታገደ። አንድ ደራሲ የሁለቱን ወገን ድምፅ ብቻውን ሲሸከም ቅጣቱም የሚያርፈው በእርሱ ላይ ብቻ ነው፤ መድበል ሸክሙን ያካፍላል።

የአማርኛ ደራስያንም ከዚህ መንገድ ሩቅ አይደሉም። መዓዛ መንግሥቴ በ2020 ያዘጋጀችው «አዲስ አበባ ኑዋር» እነ አዳም ረታንና በዕውቀቱ ሥዩምን በእንግሊዝኛ ከሚጽፉት ጋር በአንድ ጥራዝ አገናኝቷል። ከመካከላቸው ሱሌይማን አዶንያ ልጅነቱን በሱዳን የስደተኞች መጠለያ ያሳለፈ ነው። በዚያ መድበል የጋራ መድረኩ ምናባዊ ከተማ ሳይሆን እውነተኛይቱ አዲስ አበባ ናት፤ በአማርኛ የጻፉትን ከሌሎቹ ጋር ያገናኛቸው ግን ትርጉም ነው።

በ2020 የትግራይ ጦርነት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ወደ ገዳሪፍ አሻገረ፤ በ1980ዎቹ የኢትዮጵያ ስደተኞችን ያስጠጋችው ኡም ራኩባ እንደገና መጠለያ ሆነች። በ2023 የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ መንገዱ ተገለበጠና ሱዳናውያን በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻገሩ። አስተናጋጅና እንግዳ ቦታ ተለዋወጡ። አያቶች ከደጃቸው ሲነቀሉ አድማጮቻቸው ይበተናሉ፤ ተረቱ ሲቀር የሚተርፈው ብዙ ጊዜ የበዳይና የተበዳይ ወሬ ብቻ ነው።

እንግዲህ በዚህ ድንበር ላይ አንዲት ምናባዊ ከተማ ብትፈጠር መልካም ነው። ወፍጮ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ፣ የሰሊጥ ሚዛን የቆመበት ገበያ፣ በክረምት የሚሞላ ኾር ይኑራት፤ በየትኛው መንግሥት ሥር እንዳለች ግን አይነገር። በአማርኛ፣ በዐረብኛና በትግርኛ የሚጽፉ አንዳንድ ታሪክ ያዋጡ፤ ተርጓሚዎችም ታሪኩን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ያሻግሩት። አማርኛ ጸሐፊው ሱዳናዊውን ባለሱቅ ይዋስ፤ ዐረብኛ ጸሐፊውም ጎንደሬዋን ጠላ ሻጭ ይዋስ። መሣቅም መጣላትም ይችላሉ፤ ዋናው ነገር የተዋሱትን ሰው ከነስሙና ከነነፍሱ መመለስ ነው።

እንዲህ ያለ መጽሐፍ የወሰን ድንጋይ አይተክልም፤ ለተፈናቀለም ቤት አይሠራም። ነገር ግን የጎረቤቱን ሰው በገዛ ታሪኩ ውስጥ በሕይወት ለማቆየት ለአንድ ሳምንት የደከመ ደራሲ፣ ያን ሰው ምን እንደሚበላ፣ ማንን እንደሚወድ፣ ሌሊት ምን እንደሚያሰጋው መጠየቁ አይቀርም። መልሱንም ለማግኘት ተነሥቶ የጎረቤቱን ደጅ ማንኳኳት ይኖርበታል።